ድንጋይ ሊሰብር የሄደው ቅል

ተረት ተረት!

«የላም በረት» ያላችሁኝ ተሳስታችኋል። በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። ይህ የጋያ ተረት ነው፤ «የጭስ በረት» በሉኝ። እንደገና። ተረት ተረት!

የጭስ በረት!

ተባረኩ።

በድሮ ዘመን፣ ዕቃ ሁሉ ይናገር በነበረበት፣ ሰው ግን ዕቃ ሲናገር በማይሰማበት ዘመን (ሰው ዛሬም አይሰማም፤ ዕቃው ግን ተስፋ ቆርጦ ዝም ብሏል) ኬርጋ የሚባል ጋያ ሠሪ ነበር። ጋሽ ኬርጋ በሰፈሩ መሃል ጠባብ ሱቅ ነበረው። ከፊት ትምባሆ ይሸጣል፤ ከኋላ ጋያ ይሠራል። ትምባሆው በገመድ ተሰክቶ ከጣራው ይንጠለጠላል። ደንበኛ ገብቶ ከመግዛቱ በፊት ያስነጥሳል፤ ጋሽ ኬርጋም «ይማርህ» ብሎ ይመዝንለታል። አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ሽታዬ ትባላለች። ስሟን ያወጣላት እሱ ነው። ምን አስቦ እንዳወጣው ሱቁ የገባ ሁሉ ይገባዋል።

ጋያ አይታችሁ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጋያ ሦስት ነገር ነው። ከታች ውሃ የሚይዝ ቅል አለ። ከላይ ትምባሆና ፍም የሚሸከም ሸክላ አለ። ሰው አፉን የሚያሳርፍበት ደግሞ ሸምበቆ አለ። ጭሱ ከሸክላው ይወርዳል፣ በቅሉ ውሃ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ቀዝቅዞ በሸምበቆው ይወጣል።

ሦስቱ ገና ሳይገጣጠሙ በጋሽ ኬርጋ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ጎን ለጎን የተቀመጠ ደግሞ መጣላቱ አይቀርም።

ሸክላው «እኔ ከሁሉ በላይ እቀመጣለሁ። ራስ ነኝ። ራስ ሸክላ በሉኝ» አለ።

ሸምበቆው «ሰው አፉን የሚሰጠው ለእኔ ነው። አፈ ጋያ ሸምበቆ በሉኝ» አለ።

በሩ እንዳይዘጋ ደግፎ የሚይዘው ድንጋይ እንኳ ከውጭ ሆኖ፣ «እኔም ከደጅ ስለማልጠፋ ደጃዝማች ነኝ። ማንም ባይለኝ ግን ቅር አይለኝም» አለ። ትሑት ድንጋይ ነበር።

«እኔስ?» አለ ቅሉ።

ሁለቱ ተያዩ።

«አንተማ ሆድ ነህ» አለ ራስ ሸክላ።

«የሆድ ማዕረግ ምንድን ነው?»

«ሆዳም!» አለ አፈ ጋያ ሸምበቆ።

መደርደሪያው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።  ቅሉ ሆዱ ውስጥ ቂም ያዘ፤ ሌላ የሚይዘው ነገርም አልነበረውም።

በዚያው ቤት ከዚህ የባሰ ጭንቅ ነበር። ምናለ የሚባል ማር ቆራጭ ሽታዬን ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ምናለ «ንብ ላባርርበት ነው» እያለ በየዕለቱ ትምባሆ ሊገዛ ይመጣል። ንቦቹ ራሳቸው ታዝበውታል። ጋሽ ኬርጋም ሚስቱ እትዬ ይርገዱም ልጁን ወደውታል። ነገር ግን በዚያ አገር ልጅ የሚድረው አባት አይደለም፤ የአባት ታላቅ ወንድም ነው። የጋሽ ኬርጋ ታላቅ ወንድም ደግሞ አያ ጠንክር ነበር።

አያ ጠንክር ከተወለደ ጀምሮ «እሺ» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «ና ብላ» ሲሉት እንኳ «አልበላም» ብሎ ነው የሚበላው።

ሽማግሌ ተላከበት። «ልጁ ረጅም ነው፤ የወንድሜ ጣራ ዝቅተኛ ነው» ብሎ መለሳቸው። ሁለተኛ ተላከበት። «ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። ለጥያቄ ልጅ አይሰጥም» ብሎ መለሳቸው። እንግዲህ የቀረው የፊታችን ቅዳሜ የሚላከው ሦስተኛው ነው። ከሦስተኛው ወዲያ በዚያ አገር ሽምግልና አይባልም፣ ልመና ነው የሚባለው፤ ሽታዬም አያ ጠንክር ለመረጠው ለሌላ ሰው ትሰጣለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቅዳሜ ደረሰ» አለች እትዬ ይርገዱ። «ወንድምህን ምን ብናደርገው ይሻላል?»

«ጋያ እሠራለታለሁ» አለ ጋሽ ኬርጋ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼ የማላውቀውን ጋያ። ጭሱ ቀዝቅዞ ሲገባለት ልቡም ይቀዘቅዛል። ደንቡን ታውቂው የለ? ጋያ ሳይሳብ ነገር አይጀመርም። ጋያ የሳበ ሰው መጀመሪያ ያወጣው ቃል ደግሞ አይታጠፍም።»

«መጀመሪያ ያወጣው ቃል ‹አይሆንም› ቢሆንስ?»

ጋሽ ኬርጋ ሸምበቆ መላጥ ያዘ።

«ገበያ ላይ እኮ ዶሮ እንኳ አትፈራውም!» አለች እትዬ ይርገዱ። «እዚህ ሲመጣ ነው የሚያብጥብን!»

«ምን ታደርጊዋለሽ ይርገዱ፤ ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል» አለ ጋሽ ኬርጋ።

ቅሉ ይህን ሰማ።

ቅሉ ዕድሜ ልኩን ስለ ራሱ አንድ ጥሩ ነገር ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። አንድ ቀን ቢሰማ ድንጋይ ሰባሪ ሆኖ ተገኘ።

«ሰማችሁ?» አለ። «ራስ ሸክላ፣ አንተ ድንጋይ ሰብረህ ታውቃለህ?»

ራስ ሸክላ ጉሮሮውን ጠረገ። «በእኛ ወገን እንኳ... ድንጋዩ ነው የሚሰብረን» አለ በቀስታ።

«እንግዲያው እኔ ያንን ደጃዝማች ሰብሬ፣ እኔው ደጃዝማች እሆናለሁ!»

ዓርብ ዕለት ጋሽ ኬርጋ ምሳ ሊበላ ጓዳ ሲገባ፣ ቅሉ ከሣር ከተጠቀለለው መቀመጫው፣ ከማቶቱ ላይ ወረደ። እየተንከባለለ ደጅ ወጣ።

«ደጃዝማች ድንጋይ፣ ተዘጋጅ! ልሰብርህ ነው!»

«እሺ ጌታዬ» አለ ድንጋዩ። «ቆሜ ነው ወይስ ተኝቼ?»

ድንጋይ ቆሞም ተኝቶም አንድ ነው። ቅሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሊንደረደር ሲል ድንጋዩ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ አባባሉ ‹ባገሩ› አይደል የሚለው? ይሄ አገርዎ ነው?» አለው።

ቅሉ ቆመ። «ይመስለኛል።»

«እዚሁ ነው የተወለዱት?»

«ተገዝቼ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲህ እኔ ድንጋይ ነኝ፤ ሕግ አላውቅም» አለ ድንጋዩ። «እንዲያው አገርዎ ሳይሆን ቀርቶ፣ የሚሰበሩት እርስዎ እንዳይሆኑ ብዬ ነው።»

ቅሉ ይህን ሲሰማ ደነገጠ፤ ጋሽ ኬርጋ ሲፈለፍለው የረሳት አንዲት ፍሬ ሆዱ ውስጥ ኳ አለች።

በዚያ የምታልፍ እመት አህያ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ቆመች። «ድንጋይ ሊሰበር ነው ያላችሁት?»

«ሊሰበር ነው፤ ግን ባገሬ ነው መሆን ያለበት» አለ ቅሉ።

«ኑ፣ ውጡ!» አለች ጀርባዋን አመቻችታ። «ከተወለድኩ ጀምሮ ድንጋይ ሲወረወርብኝ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ድንጋይ ሲሰበር አይቼ ልሙት!»

ድንጋዩ እንዴት አድርጎ ጀርባዋ ላይ እንደወጣ የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ ቅሉ እንዴት እንደተናገረ ለምን አልጠየቃችሁኝም? ወጣ። ከስፍራው ሲነሳ በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። ሄዱ።

ገበያ ደረሱ። «እዚህ ነው የተገዛሁት፤ አገሬ ይሄ ነው» አለ ቅሉ።

«እሺ ጌታዬ፣ ልጋደምልዎ» አለ ድንጋዩ።

ለሽያጭ የመጣ አንድ አውራ ዶሮ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ገበያ ደግሞ አገር ሆኖ ያውቃል? እኔም ጠዋት ሳልፈራ ስጮህ አገሬ መስሎኝ ነበር። እግሬን ተመልከቱት!» እግሩ ታስሯል። «አገር ማለት እኮ ወንድሞቼ...»

አንዲት ሴትዮ ክንፉን ይዛ አነሳችው፣ ክብደቱን ሞከረች፣ ይዛው ሄደች። አገር ማለት ምን እንደሆነ ሳንሰማ ቀረን።

«ገበያ አገሬ አይደለም፤ ቶሎ እንሂድ!» አለ ቅሉ።

ከገበያው ማዶ፣ ከዳገቱ ጫፍ፣ በአንድ አሮጌ አጥር ላይ የቅል ሐረግ ተጠምጥማ ነበር። ልጆቿ አጥሩን ሞልተው ተንጠልጥለዋል።

«እናቴ!» አለ ቅሉ።

«ማነህ አንተ? እንግዳ አናስገባም» አለች እመት ሐረግ።

«ልጅሽ ነኝ!»

«የኔ ልጆች አረንጓዴ ናቸው። አንተ ቢጫ ነህ። ደግሞ ትምባሆ ትሸታለህ። በኔ ዘር የሚያጨስ የለም!»

«እኔ አላጨስም እኮ፤ በኔ ነው የሚያጨሱት።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለች እመት ሐረግ።

ቅሉ ግራ ሲገባው ሆዱን ነቀነቀ። ፍሬዋ ኳ ኳ አለች። እናት የፍሬዋን ድምፅ አትስትም።

«ልጄ! ኧረ ልጄ! ምነው እንዲህ ሆድህ ባዶ ሆነ! አያበሉህም?» ብላ አለቀሰች። ልጇ ለምን እንደመጣ ሲነግራት ግን እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። «ድንጋይ ሊሰብር? የኔ ልጅ? ባገሩ? ልጆች! ወንድማችሁ ብቻውን ነው እንዴ?»

አጥሩ ተናወጠ። ቅል ሁሉ ከየቅጠሉ ሥር አንገቱን አወጣ።

«አንተ አበባ የማታውቅ!» አለ አንዱ ድንጋዩን።

«ይህን ሁሉ ዝናብ ጠጥተህ አንዲት ቅጠል ያላወጣህ!» አለ ሌላው።

«አንዴ ከተቀመጥክ ሰው ካላነሳህ የማትነሳ!»

«እናትህ ማናት? አባትህስ ማነው? ገደል!»

ገና ከአበባዋ ያልተላቀቀች ትንሽ ቅል ሳትቀር፣ «ፂም የለህም!» አለችው። ለእሷ የመጣላት እሱ ነው።

ከአህያዋ ወርዶ የተጋደመው ድንጋይ ዙሪያውን ተመለከተ። አንድም ዘመድ የለውም። «እኔ እኮ... የመጣ የሄደው እንዲገባ ብዬ በር ይዤ...» አለና ሳይጨርስ ቀረ።

ቀጭ!

የሆነ ነገር ተሰበረ።

እመት አህያ ዘለለች። «ተሰበረ! ተሰበረ! የቱ ጋ ነው?» ድንጋዩን ዞረችው። አሸተተችው። ስንጥቅ የለበትም።

«እኔ አይደለሁም» አለ ድንጋዩ በተዳከመ ድምፅ። «ቅስሜ ነው።»

«ቅስሙን ሰበርኩት!» አለ ቅሉ።

«ቅስም?» አለች እመት አህያ። «ቅስም ለማየት ነው ይህን ሁሉ ዳገት የወጣሁት?» ተቆጥታ ልትሄድ ዞረች። ድንጋዩ ግን ከዚያው እንደተጋደመ ቀረ።  ተመልሳ መጣች። «እኔ ደግሞ የተወረወረብኝን ሁሉ ስራገም ኖርኩ» አለች። «ወርውሩኝ ያለ ድንጋይ ለካ የለም። ና ውጣ፣ እቤትህ ላድርስህ።»

ቀስ ብላ ተሸክማው ወረደች። ቅሉ ከላይ ሆኖ እስከ ሰፈሩ ድረስ ሲፎክር መጣ፦

«ዘራፍ! የሐረግ ልጅ፣ የአጥሩ ጀግና፣
ድንጋይ አስለቃሹ፣ ኧረ እኔ ነኝና!»

አህያ በፈቃዷ ስትሄድ አትቸኩልም። እነሱ መንገድ ላይ ሳሉ ቅዳሜ ደረሰ።

በጋሽ ኬርጋ ቤት ማቶቱ ባዶ ነው። ቅሉ በየጥጉ፣ በየአልጋው ሥር ተፈለገ፤ ጠፋ። ሌላ የደረቀ ቅል የለም፤ ያለውን ሁሉ ጋያ አድርጎ ሸጦታል። ከደንበኛ እንዳይዋስ ደግሞ፣ በሰው ጋያ የተሰጠ ቃል የባለጋያው ነው ይባላል፤ ሽታዬን የሚድራት ያ ሰው ሊሆን ነው።

ሽማግሌዎቹ መጡ። አለቃቸው አያ ሽብሩ ነበር። አያ ጠንክርም መጣ፤ «አልቀመጥም» ብሎ ተቀመጠ። ምናለ ከውጭ ቆሞ ቀረ። ሁሉም ከገቡ በኋላ በሩ፣ ደጋፊ ስላልነበረው፣ ጓ ብሎ ተዘጋ። ሱቁ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። «በሩን ክፈቱ» የሚል ጠፋ፤ ጋያ ሳይሳብ አይነገርማ! የተከበሩ ሽማግሌዎች በጨለማ ውስጥ በትምባሆው ሽታ እያስነጠሱ ተቀመጡ። «ይማርህ» የሚልም አልነበረም።

ጓዳ ውስጥ ግን ደንቡ አይሠራም።

«ያለ ቅል አድርገው» አለች እትዬ ይርገዱ በሹክሹክታ።

«ያለ ቅል? ሸምበቆውን ሸክላው ላይ ብሰካው ውሃ የለው፣ ምን የለው፤ እሳት ነው የሚስበው!»

«ታዲያ እንደተዘጋባቸው ይኑሩ? ልጄን ላጣት ነው! ስካው!»

ሰካው። ራስ ሸክላና አፈ ጋያ ሸምበቆ ተቃቀፉ። «ሆድ ከመሃላችን ወጣ! ከእንግዲህ ጋያ ማለት እኛ ነን!» ተባባሉ።

ጋሽ ኬርጋ በጨለማው ዳስሶ የወንድሙን እጅ አገኘና ጋያውን አስያዘው። አያ ጠንክር ሲስብ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው። «አይሆንም» የምትለዋን ቃል ጉሮሮው ላይ አዘጋጅቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ማገው።

«እሽሽሽሽሽ...!»

 ከጥግ በኩል ጆሮው የከበደ አንድ ሽማግሌ፣ «ምን አለ?» አለ።

«አቤት!» አለ ምናለ ከውጭ።

«አንተን አይደለም! ምን አለ ነው የምለው!»

«አቤት አልኩ እኮ!»

«እሺ ነው ያለው!» ብሎ ጮኸ አያ ሽብሩ። «ጠንክር እሺ አለ!»

አያ ጠንክር «አይሆንም» ሊል አፉን ከፈተ። ምላሱ አብጣ አልታዘዝ አለችው፤ አየር ሲገባባት ደግሞ ይባስ ነደደች። «እሽሽሽሽ!»

«ደገመው!»

እጁን ሲያወናጭፍ የአያ ሽብሩን ራስ አገኘ። «እሽሽሽሽ!»

«ሦስት ጊዜ! እጁን ጭኖ እየባረከኝ ነው!»

እትዬ ይርገዱ እልልታዋን አቀለጠችው። ምናለ በሩን ገፍቶ ገባ፤ ብርሃን ሲገባ አያ ጠንክር ዓይኑ እንባ ሞልቶ ታየ። «ተመልከቱ፣ አለቀሰ!» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ውስጡ ለካ ቅቤ ነው!» ጋቢ አምጥተው አለበሱት። ሽታዬ ጉልበቱን ሳመች። ምናለ ለእጅ መንሻ ካመጣው ማር በጣቱ ዝቆ አጎረሰው።

ማሩ ምላሱን አበረዳት። አያ ጠንክር አሁን መናገር ይችላል።  እትዬ ይርገዱ እልልታዋን አፏ ውስጥ ያዘች። ሽታዬ ቀና ብላ አየችው።

አያ ጠንክር አሰበ። «ተቃጥዬ ነው» ቢል ነገሩ ይፈርሳል፤ ግን ስሙ ጠንክር ሆኖ በፍም ተለበለበ ተብሎ መሳቂያ መሆን አለ። «እሺ ብዬ ነው» ቢል ልጅቷን ይድራል፤ ግን ፍሙን ማንም አያውቅበትም። ጋቢው ደግሞ ሞቆታል።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» ብሎ ተቆጣ። «እሺ አልኩ አይደል! ስንት ጊዜ ልበል?»

እልልታው የትምባሆ ገመዱን በጠሰው። ሰው ሁሉ እየሳቀ አስነጠሰ፤ አሁን «ይማርህ» ባዩ በዛ።

እመት አህያ ከደጅ የደረሰችው ይሄኔ ነው። ድንጋዩን በሩ ሥር አወረደችው። ቅሉ እየተንከባለለ ገባ። «ድንጋይ ሰብሬ መጣሁ! ደጃዝማች ቅል በሉኝ!» አለ።

የሰማው የለም። መደርደሪያው ላይ ራስ ሸክላ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ አፈ ጋያ ሸምበቆ አፉ ከስሏል።

«ምነው ጌቶቼ፣ ምን ሆናችሁ?»

«ሆድ አጥተን» አሉ በአንድ ድምፅ።

ጋሽ ኬርጋ ቅሉን አየው። በሩ ሥር ድንጋዩን አየው። ሚስቱን ወደ በሩ ጠርቶ በጆሮዋ ሹክ አላት። «ይርገዱ፣ የጠፉት መጡ! እሰይ! የት ነበራችሁ አልልም፤ እንኳን ጠፋችሁ! ቅሉ ቢኖር ጭሱ ይቀዘቅዝና ወንድሜ አጥርቶ ‹አይሆንም› ይል ነበር። ድንጋዩ ቢኖር በሩ ይከፈትና መቃጠሉን ሁሉም ያይበት ነበር። የልጄ ሚዜዎች እነዚህ ናቸው!»

ድንጋዩ ይህን ሲሰማ ቅስሙ ቀጭ ብሎ ተጋጠመ። ቅሉም ሚዜ ማለት ከደጃዝማች በላይ የሆነ ሹመት መሰለው፤ ማንም አላስረዳውም። በሠርጉ ቀን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቅሉ «ይህን ጎኔ ያለውን ድንጋይ የሰበርኩት እኔ ነኝ» እያለ ለመጣው ሁሉ ይናገራል፤ ድንጋዩም «እሺ ጌታዬ» ይላል።

እንግዲህ ሳትጠሩ ብትቀሩ፣ ወይም ተጠርታችሁ ባትገኙ፣ አትዘኑ። ነገሩ የሰመረው በእናንተ መቅረት ይሆናል። ሹመት የሚሰጡም ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ብዙ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ አገር በጠቀመ ነበር።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በማር አብሱ፤ መጥቶ ከሚያስቀር፣ ቀርቶ የሚያስጨርስ ይሻላል።